የድሬን ሙቀት እንዴት ለመድኩት

ድሬዳዋ የገባሁት በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። ባለቤቴ በሥራ ተመድቦ፣ እኔ የሁለት ዓመት ልጄን አዝዬ፣ ሁለት ሻንጣ ሙሉ የአዲስ አበባ ልብስ ይዘን መጣን። ሹራብ ሳይቀር። ዕቃ ስናወርድ አንድ ጎረቤት መጥቶ አገዘንና "አቦ፣ ሚያዝያ ላይ መጣችሁ? እስከ መስከረም ብትቆዩ ምን ነበረበት!" አለን። ያዘነልን መሆኑን ያወቅኩት ግንቦት ሲገባ ነው።

አሁን ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በየዓመቱ በሙቀቱ ወቅት ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለትዳር ወደ ድሬ የሚመጡ ሰዎች "እንዴት ነው የምትችሉት?" ብለው ይጠይቁኛል። በስልክ ስመልስ ሁሌም የሆነ ነገር ይረሳኛል፤ ስለዚህ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ የድሬ ሰው ከሙቀቱ ጋር አይታገልም። ቀኑን ያዛውረዋል። ሥራውን ወደ ንጋት፣ ኑሮውን ወደ ማታ ይወስደዋል፣ መሃሉን ለፀሐይ ይተውላታል። ይህ ገብቷችሁ ከመጣችሁ ግማሹን ጨርሳችኋል።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው መጀመሪያ ወሩ ይምታታበታል። እኛ ሰኔ ሲባል ጃኬትና ጃንጥላ ነው የሚታየን። ድሬ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ሲበርዳት እዚህ ቀን ቀን 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው። ሌሊቱም ቶሎ አይበርድም። ከሚያዝያ ጀምሮ እየከበደ ይሄድና የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲመጣ ትንሽ ይለቃል።

ትምህርቴን ያገኘሁት በከባዱ መንገድ ነው። ግንቦት መጀመሪያ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበረኝ። እንደ አዲስ አበባ ልማዴ ምሳ በልቼ፣ ልጄን አዝዬ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። በጥቁር ጂንስ። መንገዱ ጭር ብሏል። ሱቆቹ ዝግ ናቸው። ባጃጆቹ ዛፍ ሥር ተደርድረው ሹፌሮቹ እግራቸውን በመሪው በኩል ወደ ውጭ ዘርግተው ተኝተዋል። ይህን ሁሉ እያየሁ ምንም አልጠረጠርኩም። ከከዚራ ወደ መጋላ በእግሬ ጀመርኩት። ጥቂት እንደሄድኩ ጆሮዬ ጮኸ፣ ራሴን አዞረኝ፣ አፌ ደረቀ፣ ሊያስመልሰኝ መጣ። ልጁ ጀርባዬ ላይ ዝም ብሏል፤ የተኛ ነበር የመሰለኝ።

ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጥ አንዲት እናት አየችኝና ተነሥታ መጣች። "ልጁን ስጪኝ" አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ጥላው ውስጥ አስቀመጠችኝ፣ የልጁን ልብስ አወለቀች፣ ሽርጧን ባልዲ ውስጥ ነከረችና ጨምቃ በአንገቱና በብብቱ ዙሪያ ጠቀለለችው። ከዚያ በካርቶን ታራግብለት ጀመር። ለእኔ ውሃ በትንሽ በትንሹ ሰጠችኝ፤ ልጨልጠው ስል ብርጭቆውን ቀማችኝ። ልጁ ነቅቶ ሲያለቅስ "አልሐምዱሊላህ፣ አለቀሰ" አለች። እኔ ግን እዚያው እንባዬ መጣ። "እኔ እዚህ ተወልጄ በዚህ ሰዓት ከዚህ ጥላ አልወጣም፤ አንቺ ምን ሊያደርግልሽ ነው?" አለችኝ። እስከ ዛሬ ባለፍኩ ቁጥር ሰላም ሳልላት አልሄድም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቀኔ ተቀየረ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እነሣለሁ። እንጀራ የሚጋገረው፣ ልብስ የሚታጠበው፣ ወጥ የሚሠራው ያኔ ነው። ቀፊራ ገበያ የምሄደው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ነው፤ አትክልቱም ያኔ ነው ትኩስ የሚሆነው። የቢሮ ጉዳይ ካለኝ በጠዋቱ እጨርሰዋለሁ። ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ቤት ነን። እንተኛለን፣ ልጁ ወለል ላይ ይጫወታል፣ ማንም ማንንም አይጠራም። መጀመሪያ ላይ ይህ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። አሁን ያንን እንቅልፍ ካልተኛሁ ማታውን እንደማልጠቀምበት አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ብዙ ሰው ጫት ላይ ይቀመጣል፤ ያ የየሰው ጉዳይ ነው። ግን የምትቅሙ ካላችሁ ጫት ረሃብን ያስረሳል፣ አፍንም ያደርቃልና ውሃውን አስባችሁ ጠጡ።

ቤት ስትከራዩ ጊዜ ስጡት። ይህንን ጠበቅ አድርጌ ነው የምናገረው። እኛን ደላላው ሳቢያን አካባቢ አዲስ የብሎኬት ቤት አሳየን፤ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ ቀለሙ አዲስ ነው። ያየነው ጠዋት ነበር። ኮርኒስ የለውም፤ ከራሳችን በላይ ቆርቆሮው ብቻ። አንድ ዛፍ የለም። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ወደ ምዕራብ ነው፤ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲጠጣ ይውልና ሌሊት እኛ ላይ ይመልሰዋል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ እጄን ሳሳርፍበት ምጣድ ነው የሚመስለው። ሦስት ወር ታግሰን ለቀቅን። ስለዚህ ቤት የምታዩት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሁን። ግቡና አንድ ሩብ ሰዓት ቁሙበት። ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ፣ ግድግዳውን ዳስሱት፣ ዛፍና በረንዳ መኖሩን ተመልከቱ፣ መስኮቶቹ ትይዩ ሆነው ንፋስ የሚያሳልፉ መሆናቸውን እዩ። ከዚራ ውስጥ ባቡሩ ከመጣበት ዘመን ጀምሮ የተሠሩ የቆዩ ቤቶች አሉ፤ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው የእንጨት መዝጊያ ያለው። ቀለማቸው የተላላጠ ሊሆን ይችላል። ውስጣቸው ግን ሌላ አገር ነው።

መስኮትን በተመለከተ የአዲስ አበባ ልማድ እዚህ አይሠራም። እኔ ሞቀኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ከፍቼ እውል ነበር፤ ለካ ሙቀቱን ነው የማስገባው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መስኮቱንም መጋረጃውንም ዝጉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉንም ክፈቱት። ፋን የምትገዙ ከሆነ የቆሙት ረጃጅሞቹ ይሻላሉ፤ ለአልጋም ለወለልም ይሆናሉ። ግን ፋን አየሩን እንደማያቀዘቅዝ እወቁ። ላባችሁን ነው የሚያተንላችሁ። ስለዚህ ፊትና ክንዳችሁን በውሃ አርሳችሁ ፊቱ ተቀመጡ፤ ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ። ሽርጥ ነክራችሁ ጨምቃችሁ ደረታችሁ ላይ ጣል ማድረግም እንደዚሁ ነው። መብራት ሲጠፋ ሽርጡና ማራገቢያ ካርቶን ብቻ ናቸው የሚቀሩት።

ሁለተኛው ቤታችን ለገሃሬ አካባቢ ግቢ ውስጥ ነበር። አከራያችንን እማማ ነው የምላቸው። የድሬን ኑሮ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል የውሃ ማጠጫቸውን ይዘው ወጥተው የግቢውን አፈር ያረሰርሱታል፤ አይጨቀይም፣ ልክ አቧራው እስኪተኛ ነው። አፈሩ መጀመሪያ ጭስ የመሰለ ሙቀት ይተፋና ከዚያ የዝናብ ሽታ ይሸታል። ግማሽ ሰዓት ይጠብቃሉ። ከዚያ ጅባ ይነጠፋል፣ የገመድ አልጋዎቹ ይወጣሉ፣ አጎበሩ ከዛፉ ቅርንጫፍና ከልብስ ማስጫው ገመድ ጋር ይታሰራል። "ልጄ፣ ቤቱ እስከ ስድስት ሰዓት አይበርድም፤ ለምን ትታገይዋለሽ?" ይሉኛል። እኔ ሌባ፣ እባብ፣ ምን የማልፈራው ነበር። አንድ ሌሊት ልጄ ውስጥ አልተኛም ብሎ እያለቀሰ አስቸገረኝና አውጥቼ እማማ አጠገብ አስተኛሁት። አሥር ደቂቃ አልቆየም፣ ጭልጥ አለ። ያን ዓመት እስከ ሐምሌ ቤት ውስጥ የተኛነው በጣት የሚቆጠር ሌሊት ነው። ግቢያችሁ የታጠረና የምታምኑት ከሆነ ሞክሩት። ግን ያለ አጎበር በፍጹም አይሆንም።

ወደ ትንኙ ልምጣ፤ ይህን ብዙ ሰው አይነግራችሁም። ድሬ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁሉም ቤት በርሜል፣ ጀሪካን፣ ሮቶ አለው። ሙቀትና የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ደግሞ ለትንኝ ሠርግ ነው። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ የሚባለው በሽታ ከተማው ውስጥ ገብቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። እኔም ይዞኝ ነበር። ትኩሳቱ በቀናት ውስጥ ለቀቀኝ፣ መገጣጠሚያዬ ግን ሳምንታት ቆየ። ስኒ ማንሣት ያቅተኝ ነበር። ልጄን አቅፌ ማንሣት አልቻልኩም። ይህን በሽታ የምታመጣው ትንኝ ቀን ነው የምትነክሰው፤ ስለዚህ የሌሊት አጎበር ብቻውን አይበቃም፣ ልጅ ቀን ሲተኛም አጎበር ይዘርጋለት። ወባ የምታስተላልፈውና በቅርብ ዓመታት የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝም ከተማ ውስጥ በርሜልና ታንከር ላይ ነው የምትራባው፤ ወባ የገጠር ነው ብላችሁ አትዘናጉ።

በርሜሉን ክደኑት፤ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ የማይገጥም ከሆነ በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ በገመድ እሰሩት። በሳምንት አንድ ቀን ውሃው ሲያልቅ ውስጡን በብሩሽ ፈትጉት። ማጠብ ብቻ አይበቃም፤ እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ነው የሚቆየው፣ ውሃ ስትሞሉበት ይፈለፈላል። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ነው የማደርገው። የአበባ ማሰሮ ሥር ያለው ሳህን፣ የተጣለ ጎማ፣ የተከፈተ ቆርቆሮ፣ ሁሉም ይደፋ። ትኩሳት ከያዛችሁ ደግሞ ሳትመረመሩ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ የመሳሰሉትን አትዋጡ፤ በሽታው ደንጊ የሚባለው ሌላው የትንኝ ትኩሳት ከሆነ ለመድማት ያጋልጣሉ። ፓራሲታሞል ውሰዱና ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ስለ ልጆችና አረጋውያን ጥቂት ልጨምር። ሙቀት ሰውን የሚጥለው ቀስ ብሎ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መሸማቀቅ፣ ሽንት ጠቆር ማለት ሲጀምር ጥላ ውስጥ ግቡ፣ ልብስ አላሉ፣ ጠጡ። ብዙ ላብ ወጥቶ ከሆነ ወይም ልጅ ተቅማጥ ካለበት ከመድኃኒት ቤት ኦአርኤስ ገዝታችሁ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡት፤ ሳይቀጥን ሳይወፍር ልኩን። ሰውየው መቀባጠር ከጀመረ፣ ከተደናገረ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ቆዳው እየነደደ ላቡ ከቆመ ግን ጊዜ የለም። ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ ወዲያው ሐኪም ቤት አድርሱት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ምንም ቢሞቅ ውሃ አያስፈልገውም፤ ጡት ቶሎ ቶሎ ስጡት። ጎረቤቴ ለሦስት ወር ልጇ ውሃ ስትሰጥ አይቼ ነው ይህን የማነሣው። ለልጄ አንገትና ብብት ሽፍታ የረዳኝ ቅባትም ፓውደርም አልነበረም። በቀን ሁለት ሦስቴ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ራቁቱን መልቀቅ ነበር።

ልብስ ቀላል ነው። ጂንሱን አስቀምጡት። ቤት ውስጥ ሴቱ ድሪያ፣ ወንዱ ሽርጥ ነው፣ ሁለቱም ሰፊና ስስ ናቸው። ውጭ ስትወጡ ሰፋ ያለ ጥጥ ልበሱ፣ ራሳችሁን በሻሽ ወይም በነጠላ ሸፍኑ።

ምግቡ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ የድሬ ደስታ እዚያ ነውና። ጠዋት የተሠራ ወጥ ፍሪጅ ውስጥ ካልገባ ማታ ላይ ይበላሻል፣ እንጀራውም ቶሎ ይሻግታል፤ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ነው የምጋግረው። ቀትር ላይ ከባድ ነገር አንበላም። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ሐብሐብ ነው። እማማ ሁመር ይዘፈዝፋሉ፦ ማታ ቡናማውን ፍሬ ውሃ ውስጥ ይከቱና ጠዋት በእጃቸው አሽተው ያጠሉታል፣ ስኳርና ቁንጥር ጨው ይጨምሩበታል። ኮምጠጥ ይላል። ፍሪጅ ባይኖራችሁ እንስራ ግዙ። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ንፋስ የሚያገኝ ጥላ ላይ ስታስቀምጡት ላቡ ወደ ውጭ እየተነነ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። የእኛ ፍሪጅ በተበላሸ ጊዜ አንድ ወር ሙሉ ከእንስራ ነው የጠጣነው፣ እውነት ለመናገር ጣዕሙን ከፍሪጁ ውሃ አብልጬ ወድጄዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ሶማሌ እናቶች የሚያመጡት የግመል ወተት አለ፤ ለልጅ ከሆነ አፍሉት።

ማታውን ደግሞ ውጡ። እባካችሁ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ ሙቀቱን አትቁጠሩ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ድሬ ሌላ ከተማ ነው። ከዚራ ውስጥ ቤተሰቡ በሙሉ ይወጣል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ሳምቡሳና ፉል ይሸታል፣ ኦሮምኛውም ሶማሊኛውም አማርኛውም አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ይገናኛል። በዚሁ ወቅት ላይ ነው የድሬዳዋ ዛፍ የሚያብበው፤ ሌላው አገር በዚህች ከተማ ስም የሚጠራው ያ ቀይ አበባ ያለው ዛፍ። መንገዱ በአበባው ይቀላል። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ከሙቀቱ የተነሣ ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር፤ አሁን ግን ግንቦት ሲመጣ እሱን ነው የምጠብቀው።

ሲበዛባችሁ ደግሞ እሑድ ጠዋት ወደ ሐረር የሚሄድ ሚኒባስ ያዙ። አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። የደንገጎን ተራራ ስትወጡ መስኮቱን ክፈቱት፤ ኩርባ በኩርባ አየሩ ሲቀየር በፊታችሁ ታውቁታላችሁ። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ማታ ላይ ነጠላ ያስፈልጋል። ሹራቦቻችን በዓመት አንዴ ሁለቴ የሚወጡት ለዚህ ነው። ልጄ "ብርድ እንሂድ" ነው የሚለው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ሙቀቱ ሊለቅ ሲል ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰው ሁሉ ለንፋስ ብሎ ወደ ደቻቱ ወንዝ ይወርዳል። ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው ያ ደረቅ አሸዋ ማታ ማታ ነፋሻ ነው፣ ልጆችም ይወዱታል። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው በዚሁ ወንዝ ነው። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ኮከብ እየታየ ሊመጣ ይችላል። እማማ ማታ ማታ ወደ ደንገጎ አቅጣጫ ያያሉ። እዚያ ተራራው ላይ ደመናው ጠቁሮ መብረቅ ሲል ካያችሁ፣ ያን ምሽት ልጅ ይዛችሁ አሸዋው ላይ አትውረዱ።